ደጋግሞ የሚበላሽ ባዮስ፤ ቺፑን ከማስሞላታችን በፊት ምን እንጠይቅ?

/በሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር/



ዛሬ የምናገረው ስለ ላፕቶፕ ነው። ርእሱ የባለሙያ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። የልጆቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቃችን ሒሳብ፣ የዕድራችን መዝገብ የሚቀመጠው በዚሁ ዕቃ ውስጥ ነው። አብዛኞቻችን የያዝነውም አዲስ አይደለም፤ በውጭ አገር መሥሪያ ቤት አገልግሎ የመጣ ኤች ፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲቲዩድ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው። ለሥራ ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው ጠንካሮች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ አቤቱታ ደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም «ባዮሱ ተበላሽቷል ተብዬ አሠራሁት፤ ወር ሳይሞላው ያው ሆነ» የሚል ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ባዮስ አንድ ጊዜ ቢበላሽ አጋጣሚ ነው ሊባል ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ከተበላሸ ግን የሚያበላሸው ምክንያት አልተነሣም ማለት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ቺፑን ለሦስተኛ ጊዜ ማስሞላት ገንዘብ መጣል ነው።

ለመሆኑ ባዮስ ምንድን ነው?

ባዮስ ማለት ላፕቶፑ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም ነው። ራሙን፣ ኪቦርዱንና ስክሪኑን መርምሮ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። በዛሬዎቹ ማሽኖች ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ቢሆንም ሰው ሁሉ ባዮስ ማለቱን አልተወም። የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች፣ የባቄላ ፍሬ በማታክል፣ ባለ 8 እግር ቺፕ ውስጥ ነው። የቺፗ መጠን በብዙዎቹ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጽሑፋችሁና ፎቶግራፋችሁ ያለው በዚህች ቺፕ ውስጥ አይደለም፤ በዲስኩ ላይ ነው። ስለዚህ ባዮስ ተበላሸ ማለት ሥራችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። «ሁሉም ነገር ይጥፋና ከአዲስ ይጫን» የሚላችሁ ቢኖር ዲስኩን አውጥታችሁ ያዙ።

በእርግጥ የተበላሸው ባዮሱ ነው ወይ?

መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በባዮስ ላይ ይወድቃል። ይሁንና የላላ ራምም ያንኑ ያመጣል። እንግዲህ እስቲ መጀመሪያ ማሽኑ የሚነግረንን እንስማ። በዴል ላቲቲዩድ የባትሪው መብራት 2 ጊዜ በብርቱካንማ፣ 2 ጊዜ በነጭ ብልጭ ካለ ባዮስ ነው፤ 2 ብርቱካንማና 3 ነጭ ከሆነ ግን ራሙን አላገኘውም ማለት ነው። በቀደሙት የኤች ፒ ላፕቶፖች የካፕስ ሎክ መብራት 2 ጊዜ እየደጋገመ ብልጭ ሲል ባዮስ፣ 3 ጊዜ ሲል ራም ነው። የአዳዲሶቹ ምልክት ይለያል፤ ከአምራቹ መመሪያ ይታያል። ብልጭታውን ቆጥሮ በወረቀት መጻፍ ምንም አያስከፍልም፤ ለባለሙያው ግን የግማሽ ቀን ድካም ይቀንስለታል።

ሌላው የሚያሳስተን የሰዓት ባትሪ ነው። በብዙዎቹ ላፕቶፖች ውስጥ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የመሰለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሥራዋ ሰዓቱንና አንዳንድ ምርጫዎችን መያዝ ነው። እሷ ስትሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማሽኑም በተነሣ ቁጥር የስሕተት መልእክት ያወጣል። ይህ ባዮስ መበላሸት አይደለም። ባትሪዋ ተቀይራ የሚያልቅ ነገር ቺፕ አስነቅሎ ሲያስሞላ የከረመ ሰው በሰፈራችን አለ።

ደጋግመው የሚያበላሹት ምክንያቶች

1ኛ/ በማሻሻያ ጊዜ ኃይል መቋረጥ። አዲስ ባዮስ ሲጫን ቺፗ ተሰርዛ እንደገና ትጻፋለች። መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም ችግር የለውም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ባትሪው የሚሠራ ከሆነ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። አምራቾቹ ቻርጀር እንዲሰካ፣ ባትሪውም በቂ ኃይል እንዲኖረው የሚያስገድዱት ለዚሁ ነው፤ ዴል ለምሳሌ ቢያንስ 10 በመቶ ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያውን በዘዴ አልፎ መጫን በራስ ላይ መፍረድ ነው። ደግሞም በማሻሻያ ጊዜ ስክሪኑ ለብዙ ደቂቃ ሊጨልም፣ ማሽኑም ደጋግሞ ሊነሣ ይችላል። «ቆመ» ብሎ የኃይሉን ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት ራሱ አንዱ የብልሽት ምክንያት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

2ኛ/ ስሕተት ያለበት ማሻሻያ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዲሴምበር ወር የኡቡንቱ 17.10 ሥሪት በአንዳንድ ላፕቶፖች፣ ይልቁንም በሌኖቮዎች ላይ ባዮሱን አዛብቶ ምርጫ መቀየር እንዳይቻል አድርጎ ነበር። አሳታሚው ካኖኒካል ሥሪቱን ከማውረጃ ገጹ አንሥቶ የታረመውን በጃንዋሪ 2018 አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 በሜይ ወር ደግሞ የኤች ፒ ፕሮቡክ 455 ጂ 7 ባለቤቶች አንድ የባዮስ ማሻሻያ ከገባ በኋላ ማሽናቸው አልነሣ እንዳላቸው አመልክተዋል። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ማሻሻያ ሳንጠይቀው ሊያመጣ ይችላል። እንግዲህ ቺፑ ተሞልቶ ቤት ከመጣ በኋላ ዊንዶውስ ያንኑ ሥሪት መልሶ ቢጭነው ምን ይደረጋል? ስለዚህ ከመበላሸቱ በፊት ምን እንደተጫነ በዊንዶውስ የማሻሻያ ዝርዝር ውስጥ ይታይ። በሦስቱም ብራንዶች የባዮስ ገጽ ውስጥ ዊንዶውስ ፈርምዌር እንዳይጭን የሚከለክል ምርጫ አለ፤ ለጊዜው መዝጋት ይቻላል። ከዚያ ግን ከአምራቹ ገጽ ላይ ትክክለኛውን በራስ እጅ መጫን እንጂ ለዘለዓለም ማሻሻያ መተው አይገባም፤ የደኅንነት ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በማሻሻያ ነውና።

3ኛ/ የሌላ ማሽን ባዮስ። ይህ የብዙዎቻችን ችግር ነው። አንዳንድ ጠጋኝ ከኮምፒዩተሩ ያገኘውን የሌላ ላፕቶፕ ቅጂ እንዳለ ይጽፍበታል። ማሽኑ ይነሣል፤ ሁላችንም ደስ ይለናል። ነገር ግን በቺፗ ውስጥ የማሽናችሁ ሲሪያል ቁጥር፣ በብዙዎቹም የዊንዶውስ ቁልፍ ነበረ። የኢንቴል ማኔጅመንት ኤንጅን የሚባለውም ክፍል እዚያው ነው። ይህ ክፍል ካልተስማማ ማሽኑ ልክ በ30 ደቂቃ ራሱን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። በየግማሽ ሰዓቱ የሚጠፋ ላፕቶፕ ያላችሁ ይህን ጠይቁ።

4ኛ/ የተነካካ ባዮስ። ያገለገለ የሥራ ላፕቶፕ አንዳንዱ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የይለፍ ቃል ሳይነሣለት ይመጣል። ያን ለመክፈት ባዮሱ ተለውጦ ይጻፋል። ሆኖም ኤች ፒ ሹር ስታርት የተባለው ጥበቃ ባዮሱ መለወጡን ሲያይ ከደበቀው ቅጂ ይመልሰዋል ወይም ያቆመዋል። ኢንቴል ቡት ጋርድ ያለበትም ማሽን የተነካካውን አላስነሣም ይላል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ማሽኑ እንደታዘዘው ራሱን መጠበቁ ነው። መድኃኒቱ ሲገዙ የባዮስ ገጽ ያለ ይለፍ ቃል መከፈቱን ማየት ነው፤ በኤች ፒ በኤፍ 10፣ በዴል በኤፍ 2፣ በቲንክፓድ በኤፍ 1።

5ኛ/ ቺፗ ራሷ ወይም አካባቢዋ። አምራቾች እንዲህ ዓይነቷ ቺፕ ብዙውን ጊዜ 100,000 ጊዜ ተሰርዛ ብትጻፍ እንደምትችል፣ የያዘችውንም 20 ዓመት እንደምታቆይ ይገልጻሉ። ስለዚህ «አርጅታ ነው» የሚለው መልስ በቀላሉ አይዋጥም። ይልቅ የሚጎዳት የብየዳ ሙቀትና ያልተመጠነ ቮልት ነው። ሲኤች 341 ኤ የሚባለው ርካሽ መጻፊያ በጥቁር ሰሌዳ የተሠራው ሥሪቱ በመረጃ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት ይልካል፤ ቺፗ የምትፈልገው ግን 3.3 ነው፤ 1.8 ብቻ የምትችልም አለች። በዚህ ላይ የፈሰሰ ነገር ይጨመራል። የአንድ ነጋዴ ጎረቤታችን ላፕቶፕ 3 ጊዜ ባዮሱ ተሞልቶለት 3 ጊዜ ተበላሽቷል። የተበላሸበት ቀን በደረሰኞቹ ላይ ሲታይ ሦስቱም ክረምት ላይ ነው። ማዘርቦርዱ ሲወጣ ከቺፗ ሥር ስኳር ያለው ሻይ ደርቆ ተገኘ፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መስመሮቹን ሲያገናኝ ኖሯል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በአዲስ ቺፕ ተሠራ። ምስጢሩን ያወጣው የደረሰኙ ቀን ነው።

በቤት ውስጥ ሊሞከር የሚችለው

ሀ/ ቻርጀሩንና ፍላሾችን ሁሉ ንቀሉ፤ የኃይሉን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ከዚያ ቻርጀሩን ሰክታችሁ አስነሡ።

ለ/ ኤች ፒ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ የዊንዶውስ ቁልፍና የቢን ፊደል አንድ ላይ ያዙ። ሳትለቁ የኃይሉን ቁልፍ 2 ወይም 3 ሰከንድ ተጫኑና እሱን ብቻ ልቀቁ። ስክሪኑ እስከ 40 ሰከንድ ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ ታገሡ።

ሐ/ ዴል ከሆነ ጠፍቶ ሳለ ኮንትሮልና ኢስኬፕን ይዛችሁ ቻርጀሩን ስኩ፤ የማገገሚያው ገጽ ሲመጣ ልቀቁ።

መ/ ቲንክፓድ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ በሥሩ ካለችው ትንሽ የማስነሻ ቀዳዳ በቀጥ ያለ የወረቀት መያዣ ሽቦ ተጫኑ፤ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ቻርጀሩን ሰክታችሁ አስነሡ። ቀዳዳዋ በሁሉም ሞዴል ላይ አትገኝም።

ማሽኑ የራሱ ቅጂ ከሌለው ከአምራቹ ገጽ ለዚያው ሞዴል የወረደ ፋይል በፋት 32 በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ያስፈልጋል።

ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ የምትጠይቁት

ጥያቄ መጠየቅ ባለሙያውን መናቅ አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያ ይወደዋል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ እኛም ሻይ ፈስሶ እንደሆነ ሳንደብቅ እንናገር። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፤

- ከመሰረዙ በፊት የራሴ ባዮስ ተነቦ ተቀምጧል ወይ? ሁለት ጊዜ ተነቦ አንድ ዓይነት ሆነ ወይ?
- የእኔ ሲሪያል ቁጥር በአዲሱ ላይ ተመልሷል ወይ?
- ከተጻፈ በኋላ ተመልሶ ተነቦ ተመሳከረ ወይ?
- የቺፗ ቮልት ስንት ነው? መጻፊያው ይስማማታል ወይ?
- ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ፣ ቺፗ ተቀየረች ወይስ ያችው ናት? ወደ እሷ የሚደርሰው ኃይልስ ተለካ ወይ?
- የቀድሞውን ቅጂ በፍላሽ ይሰጡኛል ወይ?

በመጨረሻም ከሁሉ የከፋውን ጉዳት ላስጠንቅቃችሁ። ብዙ የሥራ ላፕቶፖች ዲስካቸው በቢትሎከር የተቆለፈ ነው። ባዮስ ሲቀየር ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የማገገሚያ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የዓመታት ሥራ ተቆልፎ ይቀራል፤ ያን የሚከፍት ጠጋኝ የለም። ስለዚህ ማሽናችሁ ደኅና ሳለ፣ ዛሬ ማታ ቁጥሩን ፈልጋችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭም አስቀምጡ። ባዮስ ከማሻሻላችሁ በፊትም ቢትሎከርን ለጊዜው አቁሙት።

ይህ ጽሑፍ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለሚቆይ ጥያቄዎቹን ገልብጣችሁ ያዙ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።