ያልተገባን አንድ ዙር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር



 ለአንድ ንግግር ሁለት ሰዎች መቆማችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ትረዱታላችሁ። እየተፈራረቅን እናነባለን፤ ቃሉ ግን የሁለታችንም ነው። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ተማሪዎች ሳለን የራሳችን ቢስክሌት አልነበረንም። ከቤት ከሚሰጠን ሳንቲም እያጠራቀምን በሰፈራችን ቢስክሌት ከሚያከራዩ ሰው ዘንድ በዙር እንከራይ ነበር። ሰውየው ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡና ዙሩን ይቈጥራሉ። ሌላ ደንበኛ ሲመጣባቸው ግን ቈጠራው ይጠፋቸዋል። በዚህ ጊዜ «ልጆች፣ ስንት ዞራችሁ?» ብለው ሲጠይቁን አራቱን ዙር «ሦስት ነው፣ ጋሼ» እንላቸው ነበር። እርሳቸውም «እንግዲያው አንድ ይቀራችኋል፤ ዙሩ» ይሉናል። ይህን ያነሣነው እናንተን ለማሣቅ ብቻ አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከሄዱት ስፖርተኞች መካከል ቢስክሌት ነጂዎች እንደ ነበሩ፣ ከነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ እንደ ሆኑ የሰማነው በልጅነታችን ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ዳላስ ከተማ ቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን ተመለከትን። እኛ ግን የነርሱ ዓይነት ሰዎች አይደለንም። ሳምንቱን ሙሉ ሠርተን፣ ማታና በዕረፍት ቀን ብቻ ቢስክሌት የምንነዳ አማተሮች ነን። የምንነግራችሁም የድል ታሪክ አይደለም።

በአሜሪካ አገር ክሪቴሪየም የሚባል የቢስክሌት ውድድር አለ። ተወዳዳሪዎች ከከተማ ወደ ከተማ አይጓዙም፤ በከተማ ውስጥ ለመኪና የተዘጋ አጭር መንገድ ደጋግመው ይዞራሉ። አንዱ ዙር ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ለጀማሪዎች ውድድሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ለበረቱት ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ተወዳዳሪው እንደ ችሎታው ደረጃ ይሰጠዋል፤ ጀማሪው ከታችኛው ደረጃ ይነሣና ውጤት እያገኘ ወደ አንደኛው ይወጣል። እኛ አራተኛ ነበርን።

ይህ ውድድር በአንድ ቀን ብቻ የማያልቅበት ቦታም አለ። በዊስኮንሲን ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በበጋቸው ወራት ዐሥር ቀን ያህል ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተዛወረ የሚካሄድ ውድድር ተመሥርቷል። በሴንት ልዊስም በሠራተኞች በዓል ሰሞን አራት ቀን በአራት ልዩ ልዩ ሰፈሮች ይካሄዳል። እኛ የሄድንበት በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት በተልሳ ከተማ የሚደረገውና ተልሳ ተፍ የሚባለው ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ዓርብ ብሉ ዶም በሚባለው ሰፈር፣ ቅዳሜ በኪነ ጥበብ ሰፈር፣ እሑድ በአርካንሶ ወንዝ ዳር።

የውድድሩን ጠባይ ካልገለጽንላችሁ ጥፋታችን አይገባችሁም። በቢስክሌት ትልቁ ባላጋራ ነፋስ ነው። ከፊተኛው ሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከድካሙ ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉ ይቀርለታል። ስለዚህ ሁሉም በጭፍራ ሆኖ ጎማ ለጎማ ተጠጋግቶ ይሄዳል። ከጭፍራው አንድ ጊዜ የተለየ ሰው ግን ነፋሱን ብቻውን ስለሚገፋ ተመልሶ ሊደርስበት እጅግ ይከብደዋል። በማጠፊያው ላይ የፊተኞቹ ጥቂት ብቻ ያቀዘቅዛሉ፤ የኋለኞቹ ብዙ ፍሬን ይይዛሉ፤ ከማጠፊያውም ሲወጡ ሩቅ የሄዱትን ለመያዝ እንደ አዲስ መሮጥ ይኖርባቸዋል። አራት ማጠፊያ ያለውን መንገድ ሃያ ጊዜ ብትዞሩት ሰማንያ ጊዜ እንደዚያ መሮጣችሁ ነው። በመካከሉ ደግሞ ደወል ይደወልና ያን ዙር ለቀደመው ልዩ ሽልማት ይሰጣል፤ ደወሉ በተሰማ ቍጥር ሩጫው ይብሳል።

ከሕጉም አንዱን እንንገራችሁ። ተወዳዳሪ ቢወድቅ፣ ጎማው ቢፈነዳ ወይም ቢስክሌቱ ቢሰበር ወደ ጎማ መለወጫው ቦታ ሄዶ ያሠራል። ጭፍራው አንድ ዙር ዞሮ ሲመጣም ዳኛው ተለይቶት ከነበረው ጭፍራ ጋር ያስገባዋል። ይህ ነጻ ዙር ይባላል፤ ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ዙሮች በቀር ይፈቀዳል። ድካም ግን ስብራት አይደለም። ደክሞት የቀረውን ሰው ጭፍራው ሊደርብበት ሲቃረብ ዳኛው ከመንገድ ያስወጣዋል።

በ2018 ዓ.ም. በሰኔ መባቻ ከዳላስ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጕዘን ተልሳ ደረስን። የሦስት ቀን ፈቃድ ለማግኘት ስንት የሌሊት ሥራ እንደ ተካን እኛው እናውቃለን። ቤተሰቦቻችንም «ለቢስክሌት ብላችሁ ነው?» ብለው እየሣቁ ስንቅ ቋጥረውልናል። ከሦስቱ ቀን በአንዱ እንኳ ከዐሥር ሰዎች መካከል ለመግባት ተማምለን ነበር።

ዓርብ ዕለት ሙቀቱ አስፋልቱን አለስልሶት ነበር። በሰባተኛው ዙር ከፊታችን አንድ ሰው ተንሸራተተና ከሁለታችን አንዳችን በላዩ ወደቀ። ክንዱ ተላጠ፤ የፊቱም መንኰራኵር ተጣመመ። እየሮጠ ወደ መለወጫው ሄደ። በዚያ ያሉት አረጋዊ መካኒክ ሌላ መንኰራኵር አግብተው፣ ጭፍራው ሲመጣ ኮርቻውን ይዘው በርትተው ገፉት። የዓርቡ ነጻ ዙር የተገባን ነበር። ውጤታችን ዝቅተኛ ቢሆንም ማታ እየተጫወትን በላን።

ቅዳሜ ሌላ ነው። የዓርቡ ድካም ከእግራችን አልወጣም። ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ አንዳችን ለሌላው «አበቃልኝ፤ አልቻልሁም» አለው። ይህንም እንዳለ ከጭፍራው ኋላ ቀረ። ሌላው ዙሩን ጨርሶ በመለወጫው አጠገብ ሲያልፍ ግን ያን ጓደኛውን ከቢስክሌቱ ወርዶ ቆሞ፣ መካኒኩም ጐንበስ ብለው የኋላውን መንኰራኵር በእጃቸው ሲያሽከረክሩ አየው። ያ ሰው «ማርሹ እየዘለለ አስቸገረኝ» ብሎ ነበር። ማርሹ አንድም ነገር አልሆነም። አረጋዊው ካቴናውን ነካ ነካ አድርገው «እስቲ እንግዲህ ሞክረው» አሉና እንደ ዓርቡ ኮርቻውን ይዘው ገፉት።

ያረፈ እግር ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚያ ጊዜ ታየ። በመጨረሻው ዙር ነጻ ዙር የወሰደው ፊት ወጥቶ ነፋሱን ከለለ፤ ሌላው በጀርባው ተጠግቶ ሄደና ከዐሥሩ መካከል ገባ። የተማማልንለትን ነገር አገኘን።

ከሁለታችን የትኛው ዋሸ ብላችሁ አትጠይቁን። አንዱ ቃሉን ተናገረ፤ ሌላው እያወቀ ዝም ብሎ ትርፉን ወሰደ። በዚህ ንግግር ሁሉ «እኛ» ያልነው፣ ለመናገርም ሁለት ሆነን የቆምነው ስለዚህ ነው።

በዚያች ማታ ምግቡ ቀርቦ ሳለ አልተጫወትንም። አባቶቻችን «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይላሉ። የሦስት ቀን ውድድር ይህን ተረት በደንብ ያስተረጕማል፤ ስንቃችንም ውሸታችንም በሁለተኛው ቀን ቀልሎ ነበርና። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንዳችን በጨለማው ውስጥ «ስንት ዞራችሁ?» አለ። የሰፈራችን የቢስክሌት አከራይ ቃል ነበር። ሌላውም አልተኛም ነበርና «አራት» ብሎ መለሰለት።

እሑድ ጧት አስቀድመን ወደ አረጋዊው መካኒክ ሄድን። ዘይት እየቀቡ ነበር። ነገሩን ስንነግራቸው ቀና ብለው አዩንና፣ «በእጅ ሲያሽከረክሩት ደኅና የሚመስል፣ በእግር ሲረግጡት ግን የሚዘል ማርሽ አለ። ያን እኔ ቆሜ ላየው አልችልም። ስለዚህ የነጂውን ቃል እቀበላለሁ፤ ሌላ መንገድ የለኝም» አሉን። አልተቈጡንም፤ ይልቁንም ያለመቈጣታቸው ከበደን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያታለልነው ሕጉን ይመስለን ነበር። ለካ ያ ሕግ የቆመው በሰው ቃል ላይ ኖሯል፤ እኛም የነቀነቅነው ለሚቀጥለው ተወዳዳሪ መጠጊያ የሚሆነውን ያንኑ ነው። ከእንግዲህ እውነተኛ ስብራት የደረሰበት ሰው ሲመጣ እኒያ አረጋዊ በጥርጣሬ ቢያዩት ጥፋቱ የማን ይሆናል?

ከዚያ ወደ ዳኛው ሄድን። ዳኛው ካዳመጡን በኋላ ነጻውን ዙር የወሰደውን ሰው ከቅዳሜው ውጤት ሰረዙት፤ እሑድ እንዲወዳደር ግን ፈቀዱለት። ሁለተኛውም «የእኔንም ሰርዙልኝ» አላቸው። እርሳቸው ግን «አንተ መለወጫው ቦታ አልገባህም። ዝም ላለ ሰው ቅጣት የሚያዝ ሕግ የለኝም» ብለው መለሱት። ስለዚህ አንዱ ተቀጥቶ ቀለለው፤ ሌላው ግን ማንም የማይወቅሰውን ውጤት ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ዛሬም ስንከራከር እንውላለን።

የእሑዱ መንገድ ክራይ ቤቢ ሂል የሚባል ኮረብታ አለበት፤ በእኛ ቋንቋ የአልቃሻ ሕፃን ኮረብታ ማለት ነው። አጭር ነው፤ ቀጥ ያለ ዳገት ግን ነው። የከተማው ሰው ልዩ ልዩ አልባሳት ለብሶ በሁለቱም ዳር ተሰልፎ በሙዚቃና በጩኸት ተወዳዳሪውን ያዳምቃል። ዳገቱን በየዙሩ መውጣት ግዴታ ነው። ሦስተኛ ቀን ላይ የደረሰ እግር ደግሞ ስንቁ ያለቀ መንገደኛ ነው። በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያልን ወደ ኋላ ቀረን፤ ከዚያም ከጭፍራው ተለየን። ዙር በመጣ ቍጥር በመለወጫው አጠገብ እናልፋለን፤ አረጋዊው ከቦታቸው ቆመዋል፤ መግቢያውም ክፍት ነው። ቃላችንን ዛሬም እንደሚቀበሉን እናውቅ ነበር። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን አለፍነው።

ሊጠናቀቅ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩት ዳኛው እጃቸውን ዘርግተው አስወጡን። ከመንገዱ ዳር ቆመን ሌሎቹ ሲጨርሱ አጨበጨብን። ሰኞ ጧት በ12 ሰዓት ዳላስ ሥራችን ላይ ነበርን።

ውድ ተማሪዎች፤ ፈተና እንደ ቀረበባችሁ እናውቃለን። መምህራችሁ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ ሲያስፈትኑ የሁላችሁንም ዓይን ሊጠብቁ አይችሉም። «ታምሜ ነው የቀረሁት» ያላችሁትንም ገብተው ሊመረምሩ አይችሉም። እንደ እኒያ አረጋዊ መካኒክ ቃላችሁን ተቀብለው ይገፏችኋል። ያ ግፊት የሚያኮራችሁ ወይም የሚያሳፍራችሁ እንደ ቃላችሁ ነው። ጓደኛችሁ ሲያጠፋ አይታችሁ ዝም ስትሉም ዳኛ እንደማይቀጣችሁ ካሁኑ ዕወቁት፤ ቅጣቱን ራሳችሁ ፈልጋችሁ እንደማታገኙትም ከእኛ ተማሩ።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ እኛ ያጠፋነውን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብናል። ልጆቻችሁ ግን በማግስቱ ሊነግሯችሁ ሲመጡ፣ እንደ አረጋዊው ዘይታችሁን አስቀምጣችሁ ቀና ብላችሁ ስሟቸው። መቅጣት ካለባችሁም ሰምታችሁ ቅጡ።

ትናንት ወደ ድሮው ሰፈራችን ሄደን የቢስክሌቱን አከራይ ጠይቀን ነበር። እርሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ልጃቸው ግን ከደጁ ላይ ጎማ ይጠግናል። አባቱ ያልቈጠሩትን ዙር ሁሉ ልንከፍለው ብንፈልግ ስንት እንደ ነበር ጠየቀን። ቍጥሩን አናውቀውም። እርሱም ሣቀና «እንግዲያው አንድ ዙር ዙሩና ይብቃ» ብሎ ሁለት ቢስክሌት አወጣልን። ዞርን። ስንመለስም ስንት እንደ ዞርን ሳይጠይቀን በፊት ነገርነው፤ «አንድ» ብለን።