ስለ ኢዮቤልዩ ዕረፍትና ስለ ገበያ ምኞት

በዎላይታ ሶዶ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኢዮቤልዩ የሚለውን ቃል ዛሬ ሁሉም በአንደበቱ ይዞታል፤ በበሩ ላይ ተጽፏል፥ በልብስም ላይ ታትሟል። ነገር ግን ቃሉ የመጣበትን ስፍራ መርምሮ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደሚያስረዳው ኢዮቤልዩ የመብልና የመጠጥ ዓመት አልነበረም። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ያን ጊዜ ምድር ከእርሻ ታርፋለች፤ በችግር ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ራሱን ለአገልጋይነት የሸጠ ድኻም ነጻ ይወጣል። የሕጉም መሠረት ምድር የእግዚአብሔር ገንዘብ እንደ ሆነች፥ ሰውም በላይዋ እንግዳ እንደ ሆነ ማሳሰብ ነው። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የሚያከብር ደብር ሊጠየቅ የሚገባው ስንት በሬ ታረደ ተብሎ አይደለም። በዚህ አጥቢያ ምድር ዐርፋለችን? ባለዕዳስ ዐርፏልን? ተብሎ ነው።

ዛሬ ዓለምን የሚያስተዳድረው፥ ካፒታሊዝም የሚባለው የገበያ ሥርዓት ከዚህ ሕግ የሚለየው ዕረፍትን ባለማወቁ ነው። በቀድሞው ገበያ ሰው ያመረተውን ሸጦ የሚያስፈልገውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር፤ ገንዘቡም በሁለቱ መካከል እንደ ድልድይ ሆኖ ያገለግለው ነበር። በዚህ ሥርዓት ግን ገንዘብ ገንዘብን ይወልድ ዘንድ ይወጣል፤ የተወለደውም ደግሞ ሊወልድ ይወጣል፤ በቃ የሚባልበት ልክ የለውም። ስለዚህ የሰውን ችግር ማቃለል ብቻ አይበቃውም፤ ዛሬ የጠገበው ነገ እንዲራብ በልቡ አዲስ ምኞት ይተክልበታል። ሥርዓቱ መልካም ነገር አላመጣም ማለት ሐሰት ነው፤ ሕፃናትን ከሞት የሚያድነው መድኃኒት፥ ዝናም የማያስገባው ቆርቆሮ፥ የሩቅ ዘመድን ድምፅ የሚያሰማው ስልክ በገበያ በኩል ደርሰዋል። ነቀፋው ገበያ በመኖሩ አይደለም፤ ልክ በማጣቱ ነው።

የዎላይታ ቤት ከጥንት ጀምሮ በልክ የታነጸ ነበረ። ቤቱን የሚከበው ጓሮ ዳርኩዋ ይባላል፤ በዚያም በአገሩ ቋንቋ ኡታ የሚባለው እንሰት ከቡናው ጋር ይተከላል። ከዳርኩዋው ወዲያ ያለው የእህል እርሻ ሾቃ ነው። እንሰት እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቈያል፤ ነገር ግን ዝናም ቢዘገይ ቶሎ የማይሞት ስለ ሆነ በቁሙ ያለ ጎተራ ነው፤ ቆጮውም ቡላውም ቃጫውም ከእርሱ ይገኛል። እንሰቱ የላም ፍግ ይሻል፤ ላሟም በበጋ የእንሰቱን ቅጠል ትበላለች። ላም የሌለው ድኻ የሌላውን ላም በሃራ ተቀብሎ ሲያረባ ፍጉን ለጓሮው ያገኛል፤ ሁለት ሰዎችም በኮታ አንዲት ላም በጋራ ይይዛሉ። ስለዚህ እንሰትና ላም ጎረቤትም በአንድ ክር የተሳሰሩ ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ሁለቱ ይላላሉ።

ይህ ክር በአንድ ቀን አልላላም፤ ጥፋቱም የገበያ ብቻ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ንጉሥ ጦና ከተማረኩ በኋላ የአገሬው ሰው በገዛ ምድሩ ገባር ሆነ። በዚያ ዘመን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያንም ከመሬቱ ድርሻ ነበራትና ይህን ታሪክ ስታነብ በትሕትና ልታነበው ይገባታል። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ገባርነትን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በዛ፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የዎላይታ ሕዝብ 1,501,112 ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ነው። ምድሪቱ ግን አልሰፋችም፤ ከአባት ለልጅ እየተከፈለች ስለ ሄደች የብዙው ቤተሰብ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። ግጦሹ ሲጠብ ላሟ ቀነሰች፤ ላሟ ስትቀንስ ፍጉ ቀነሰ፤ ፍጉ ሲቀንስ እንሰቱ መነመነ።

ገበያው በዚህ በላላ ስፍራ ገባ። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የዎላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ማደል ጀመረ፤ የበቆሎውም ምርት ጨመረ። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ፍጉን ከገዛ በረቱ ያወጣ የነበረ ገበሬ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማዳበሪያ ጠባቂ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በዓለም ገበያ የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር፥ የዚያን አገር ስም ሰምቶ የማያውቀው የዳሞታ ገበሬ የጦርነቱን ግብር ከፈለ። እንደዚሁም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ቶሎ ስለሚሸጥ በየእርሻው ዳር ቆመ። ለቤት ማገር፥ ለማገዶ፥ ለልጅ ትምህርትም ገንዘብ ስለሚሆን ድኻውን የጠቀመበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ውኃውን ጠጥቶ በአጠገቡ ያለውን እህል ያቀጭጫል። እንሰት ለመብል ይተከላል፤ ባሕር ዛፍ ለሽያጭ ይተከላል። ለሽያጭ የተተከለው ለመብል የተተከለውን ባፈናቀለ መጠን የቤቱ ጎተራ ከጓሮው ወደ ነጋዴው መጋዘን ይዛወራል።

የዚህም ፍሬ በ2000 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት በልግ ዝናም ዘገየ፤ በዓለም ሁሉም የእህል ዋጋ ናረ። በኋላ ዝናሙ ዘንቦ ተራራው ሜዳውም ለምልሞ ሳለ፥ በዎላይታና በአጎራባች አገሮች ሰውነታቸው የከሳ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ወደ ሕክምና ጣቢያ ይመጡ ነበር። አረንጓዴ ረኃብ የሚባለው ይህ ነው። የሚያየው እንግዳ ልምላሜውን አይቶ ይደነቃል፤ በጓሮው የሚቈፈር እንሰት፥ በእጁም የእህል መግዣ ያጣ ሰው ግን በልምላሜው መካከል ይራባል።

ስለ ምድር ሽያጭም ልናስተውል የሚገባ ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በዚህም ከኦሪት ሕግ ጋር ይስማማል። ሆኖም ድኻ ሰው ለበሽታ ወይም ለድግስ ገንዘብ ሲያጣ መሬቱን ለጥቂት ዓመት በኮንትራት ይሰጣል፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ ችግር ይመጣና ደግሞ ያራዝማል። ኦሪትም ይህን አስቀድማ አውቃ በሰው መካከል የሚሸጠው የመከሩ ቍጥር እንደ ሆነ ተናገረች፤ ዋጋውም እስከ ኢዮቤልዩ በቀረው ዓመት ልክ እንዲሆን፥ ማንም ወንድሙን እንዳያታልል አዘዘች። እንግዲህ መሬቱ አልተሸጠም እያልን የድኻውን መከር ሁሉ ለሌላ ብንሰጥበት፥ ሕጉን በአፍ ጠብቀን በእጅ አፍርሰነዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ራሳችን ድግስ እንመለስ። ጊፋታ የዎላይታ የዘመን መለወጫ በዓል ነው፤ በመስከረም ከመስቀል ጋር ተያይዞ ይከበራል፤ የተጣላ ይታረቅበታል፥ የራቀም ይሰበሰብበታል። የጥንቱ ልማድ ወንዶች ለበሬው፥ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሁሉ እንዲያጠራቅሙ ነው። ይህ ታላቅ ጥበብ ነበረ፤ ሰው አስቀድሞ ቈጥቦ በኋላ ይበላ ነበርና። ዛሬ ግን ብዙው ሰው አስቀድሞ በልቶ በኋላ ይከፍላል። ቅርጫው እንዳይቀርበት፥ ልጁም ከጎረቤት ልጅ ያነሰ ልብስ ለብሶ እንዳይታይበት ሲል በወለድ ይበደራል፤ በቡናው አበባ ላይ፥ ገና ባልደረሰው በቆሎም ላይ ይዋዋላል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሰሙ ቀልጦ ወርቁ እንደሚቀር ያውቃል። በብድር የተገዛ ጌጥም እንደዚሁ ነው፤ ሰሙ ዕቃው፥ ወርቁ ዕዳው ነው፤ ዕቃው ቀልጦ ሲያልቅ ዕዳው ይቀራል።

ይህንም ስንናገር ጣታችንን ወደ ምእመናን ብቻ መቀሰር አይገባም። አባት የሞተባቸው ልጆች ለተዝካር ላማቸውን ሲሸጡ ካህን በማዕዱ ራስ ተቀምጦ ከባረከ፥ ላሟን ከሸጡት ጋር ተባባሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን አራጣን ከጥንት ጀምራ አውግዛለች፤ በአራጣ የተደገሰ ድግስ ግን በደጅዋ ሲያልፍ ዝም ብላ የምታየው ከሆነ ውግዘቷ ከመጽሐፍ አልወጣም ማለት ነው።

የዕዳና የምኞት ሸክም ከሁሉ ይልቅ በልጆች ላይ ይወድቃል። በአዲስ አበባ ጎዳና የሊስትሮ ሣጥን ይዘው ከሚቀመጡት፥ ሎተሪም ከሚያዞሩት ልጆች ብዙዎቹ ከዎላይታ የሄዱ ናቸው። ሠርተው የሚበሉ ናቸውና ሊከበሩ እንጂ ሊነቀፉ አይገባም፤ ብዙዎቹም እናታቸውን ይረዳሉ። ነገር ግን ለመስቀል አዲስ ልብስ ለብሰው ሲመለሱ ልብሱ ይታያል፤ በአስፋልት ዳር ያደሩበት ሌሊት አይታይም። ያላየው ታናሽ ልጅም ልብሱን አይቶ ደብተሩን ጥሎ ይከተላቸዋል። ገበያ የዕቃውን ብርሃን ያሳያል፤ ዋጋውን በጨለማ ይሰውራል።

ምድርም እንደ ልጆቹ ሸክም ትሸከማለች። ከበዓል ማግሥት በየደጀ ሰላሙ የሚቀረው ፌስታልና የውኃ መጠጫ ላስቲክ በጎርፍ ተጠርጎ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከብትም ውጦት ይታመማል፥ ይሞታልም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ዐዋጅ በ2017 ዓ.ም. አጽድቋል፤ ምእመናን ግን ከዐዋጁ የቀደመ ትእዛዝ አላቸው። ጌታችን አምስቱን እንጀራ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዝዟል። በተአምር ማብዛት የሚችለው አምላክ ፍርፋሪውን ካልናቀ፥ በድካምና በብድር የሚገዛ ሰው ሊያባክን እንዴት ይገባዋል?

ከሶዶ በስተደቡብ ባለው በሁምቦ የሆነውን ነገር ደግሞ እንመልከት። በዚያ ያለው ተራራ ለከሰልና ለማገዶ ተጨፍጭፎ ተራቍቶ ነበር። በወርልድ ቪዥን ረዳትነት በተጀመረ ሥራ የአካባቢው ሰዎች ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቁመው 2,728 ሄክታር የሚያህለውን ምድር ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉት። ከዚህ የሚበልጠውን ክፍል አዲስ ችግኝ አላለበሰውም፤ በመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ የቈየው ጉቶ ዕረፍት ባገኘ ጊዜ አቈጠቈጠ፤ ሰዎቹም ቅርንጫፉን እየገረዙ አሳደጉት። የዓለም ባንክም ደኑ ከአየር ከሚስበው የካርቦን ጢስ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ፤ ገንዘቡም ለማኅበራቱ ጥቅም ሆነ። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፥ የሩቅ አገር ባለፋብሪካ ጢሱን ሳይቀንስ በሌላው ሰው ዛፍ ራሱን እንዳያጸድቅ መጠንቀቅ ነው፤ ንስሓ በገንዘብ አይገዛምና። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ምድር ባረፈች ጊዜ የሞተ የመሰለው ጉቶ በሕይወት ተገኘ። ሁምቦ ኢዮቤልዩ ብላ በዓል አላደረገችም፤ የኢዮቤልዩን ሥራ ግን ሠራች።

እንግዲህ ይህ ደብር ምን ያድርግ? አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል፤ ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አይሰጥምና። የሰበካ ጉባኤው ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ሆኖ በየቤቱ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። በዚህ ጓሮ ከ10 ዓመት በፊት ስንት እንሰት ነበረ፥ ዛሬስ ስንት አለ? ባለፈው ዓመት ለበዓል፥ ለሰርግና ለተዝካር ስንት ብር ተበደራችሁ፥ ወለዱስ ስንት ነው? ከዚህ ቤት ስንት ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሄደ? መልሱ ያለ ስም ይጻፍ፤ የምንሻው የበሽታውን ልክ ማወቅ ነውና ድኻ በደጀ ሰላም እንዲያፍር አይገባም።

ከዚህም በኋላ ማኅበራቱ ለበዓል የሚሆነውን በቍጠባ እንጂ በብድር እንዳያደርጉ ይስማሙ። የተዝካር ድግስ በጸሎትና ለነዳያን በሚሰጥ ጥቂት እንጀራ ይወሰን፤ የሟች ልጆች ላም ከበረት እንዳትወጣ ካህኑ አስቀድሞ ይናገር። እድሩ የሸክላ ወይም የብረት ጽዋ ገዝቶ ለድግስ ያውስ። አንድ ቤት ሲባረክ ካህኑ ጓሮውን ጠይቆ፥ የእንሰት ችግኝ ከሌለበት ጎረቤት እንዲሰጠው ያድርግ። ባለጠጋውም በኮንትራት የያዘውን የድኻ መሬት ስለዚህ ኢዮቤልዩ ሲል አንድ መከር አስቀድሞ ቢመልስ፥ ቀንደ መለከቱ በእውነት ተነፋ ይባላል።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ዓለምን የያዘ ሥርዓት በአንድ አጥቢያ አይለወጥም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሁምቦ ጉቶም ትንሽ ነበረ፤ የተራራውን ልብስ ያወጣው ግን እርሱ ነው። ከሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በፊት ዛሬ በዚህ ዐውደ ምሕረት ከቆሙት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ያርፋሉ፤ በእናቶቻቸው ጀርባ ያሉት ሕፃናት በዚያ ቀን በስፍራቸው ይቆማሉ። እነርሱ የሚወርሱት ጓሮ እንሰት ያለበት እንዲሆን፥ የሚወርሱትም ስም ዕዳ የሌለበት እንዲሆን፥ እግዚአብሔር አምላካችን ልክን የሚያውቅ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።