ሳብታ የሠራችው ሐኑኪያ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሐኑካን ከልጆች ጋር በቤት ስለማክበር እንድናገር ስጠየቅ ትዝ ያለኝ አምና የሆነው ነገር ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሰቪቮን ይዛ መጣች። እናቴ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ «ሳብታ ሐኑካን እንኳን አታውቅም!» ብላ ሳቀች። እናቴ ዝም አለች። ያን ምሽት ሻማ ስናበራ ከክፍሏ አልወጣችም።

ልጄ በክፋት አይደለም። በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻችን ሐኑካ አይከበርም ነበር። እኛ የኖርነው በኦሪት ነው፤ የሐኑካ ሥርዓት ደግሞ በኦሪት የለም፣ ከራቢዎች ትውፊት የመጣ ነው። ይህን አስቀድሜ ለልጄ ያልነገርኩ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በማግስቱ ሳይተኮስ የሚደርቅ ሸክላ ገዛሁ። እናቴ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ሸክላ ትሠራ ነበር። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦለች፣ ልጄ አጠገቧ ቁጭ ብላ እያየች፣ ሐኑኪያ ሠሩ። ስምንቱን የሻማ ቦታ በአንድ መስመር፣ የሻማሹን ከፍ አድርገው። በየቦታው ቆርኪ አስገባን፤ እሳቱ ሸክላውን እንዳይነካው። በስድስተኛው ምሽት ደርቆ አበራንበት። ልጄ ለጓደኞቿ «ሳብታዬ ናት የሠራችው» ስትል ሰማኋት።

እናንተም ሞክሩት። ሻማው ከቀኝ ወደ ግራ ይደረደራል፤ ሲለኮስ ግን ከአዲሱ፣ ከግራው ይጀመራል። ዓርብ ከሰንበት ሻማ በፊት ይበራል። ሐኑኪያውን በብረት ትሪ ላይ፣ ከመጋረጃ አርቃችሁ አስቀምጡ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ልጆቹን አስቆጥሯቸው፦ ከ1 እስከ 8 ሲደመር 36፣ ስምንት ሻማሽ ሲጨመር 44። በሰቪቮኑ ላይ ያሉት ፊደላት እዚህ እስራኤል «ታላቅ ተአምር እዚህ ሆነ» ማለት ናቸው፤ በውጭ አገር ግን «እዚያ ሆነ» ይላሉ። ልጆቹ ሳብታቸውን «እዚያ» ሳለች ኢየሩሳሌምን እንዴት ትናፍቅ እንደነበር ይጠይቋት። በየምሽቱ አንድ ጥያቄ፣ በስምንት ምሽት ስምንት ታሪክ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻማው እየበራ ሳለ ሴቶች ለግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ አለመሥራት የቆየ ልማድ ነው። ከፅዳት ሥራ ደክማችሁ ለምትገቡ እናቶች ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ሱፍጋኒያው ይቆይ፣ ሳህኑም ይቆይ። ከእናታችሁና ከልጃችሁ መካከል ተቀመጡ። ሁለቱን ማገናኘት የምንችለው እኛ ነን።

ሐግ ሳሜያሕ!