ለልምምድ ክፍሉ ጉዳይ
(በማኅበራችን አዳራሽ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ዕቃ ቤት ለድምፅ ሥራ መለማመጃ ይሰጠን ብለው ልጆቹ ካመለከቱ ወዲህ «ጩኸት ነው የሚማሩት» የሚል ወሬ በዝቷል። እስቲ ምን እንደሚማሩ ላስረዳ።

ቁልፍ ሲጫኑት የተዘጋጀ ቫዮሊን የሚያሰማ ኪቦርድ ብቻ የለመደ ልጅ ድምፅ መረጠ እንጂ አልሠራም። ሲንተሳይዘር ግን ድምፁን ከሥሩ ያሠራል። ክራርና ማሲንቆን አስቡ። ክራር ሲመታ ድምፁ በቅጽበት ይወጣና ወዲያው እየደከመ ይሄዳል፤ ማሲንቆ ግን ደጋኑ እስካላረፈ ድረስ አያቋርጥም። በሲንተሳይዘርም ላይ የድምፁን አነሣስ፣ አወራረድ፣ ቆይታና አጠፋፍ የሚወስኑ አራት መቆጣጠሪያዎች አሉ። እነሱን በመለዋወጥ ብቻ ያው አንዱ ድምፅ አንዴ የተመታ፣ አንዴ የተገዘገዘ ይመስላል። ማጣሪያ የሚባለው ደግሞ የድምፁን ስል ክፍል ይቀንሳል። የጎረቤት ሬዲዮ ታፍኖ የሚሰማን ግድግዳው ማጣሪያ ስለሆነ ነው፤ ይህን ሁላችንም ሳንወድ ተምረነዋል!

ማሚቶም እንዲሁ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 17 ሜትር ከራቀ ግድግዳ ፊት ያጨበጨበ ሰው ጭብጨባው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ይመለስለታል። መሣሪያው ይህንኑ መዘግየት ነው የሚሠራው።

መሣሪያው ውድ ነው ለምትሉ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ዴሊያ ደርቢሻየር የተባለች እንግሊዛዊት፣ ሮን ግሬነር የደረሰውን የ«ዶክተር ሁ» ድራማ መግቢያ ሙዚቃ በቢቢሲ ስትሠራ ሲንተሳይዘር አልነበራትም። የአንዲት ክር ድምፅ ቀርጻ፣ ፍጥነቱን እየለወጠች፣ ቴፑን እየቆረጠች ኖታ በኖታ ቀጠለችው። ዛሬ ያንን ስልክ ይሠራዋል። የሙቀጫ ምት ቅረጹና መጀመሪያውን ቁረጡት፤ ሙቀጫ መሆኑን የሚለይ ከተገኘ ጎበዝ ነው። የእኛው ኃይሉ መርጊያም በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ላይ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጽ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዷል፤ በ2013 እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተሰምቷል።

ጩኸቱን በተመለከተ ልጆቹ የሰበሰቡት የእንቁላል ካርቶን የክፍሉን ማስተጋባት በመጠኑ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ አያግድም። የሚያግደው ከባድ ግድግዳና ክፍተት የሌለው በር ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ይቅርና የበሩ ሥር ይደፈን፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላም በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሥሩ። በዚህ ስምምነት ቁልፉ ይሰጣቸው ባይ ነኝ፤ የምትቃወሙ ካላችሁ እዚሁ ተናገሩ።