ለቢጫው ስንዴ ዩሪያ ነው ወይስ ቦይ?



በወረኢሉ መረሬ ላይ በነሐሴ ስንዴ ቢጫ ሲሆን ገበሬው ወደ ዩሪያ ይሮጣል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ሥሩ ውኃ ውስጥ ከተዘፈቀ ግን ሰብሉ ምግቡን በደንብ አይስብም፤ አየር ባጣው አፈር ውስጥም ናይትሬቱ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል። ብድሩ ግን አይበንም።

ቅጠል ቆንጥጦ አረንጓዴነቱን በብርሃን የሚለካ ስፓድ የሚባል መሣሪያ አለ። ጥሩ ነው፤ ሆኖም የቢጫነቱን መጠን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

አፈሩን የሚጠይቀው መሣሪያ የአውስትራሊያው ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. የሠራው ካሜሊዮን ነው፤ እስስት ማለት ነው። ጠቋሚዎቹ በተለያየ ጥልቀት ይቀበራሉ። አፈሩ ሲደርቅ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም ኃይላቸው ይጨምራል። ማንበቢያው ይህን በመብራት ያሳያል፤ ሰማያዊ እርጥብ፣ አረንጓዴ መካከለኛ፣ ቀይ ደረቅ። ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሞዛምቢክ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ መስኖዎች ተሞክሯል፤ ገበሬዎቹ ውኃ ሲቀንሱ ናይትሬቱ ከሥር በታች ታጥቦ መሄዱም ቀንሷል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የመስኖ ነው። ሰማያዊው መብራት በልኩ የረጠበውን ከተጥለቀለቀው አይለይም። ስለዚህ ለበጋው ሽንኩርትና ድንች ይሁን፤ ለክረምቱ መረሬ በአካፋ አንድ ክንድ ቆፍሮ ውኃ መቋጠሩን ማየት ይሻላል። ውኃ ከቋጠረ በመጀመሪያ ቦይ አውጥቶ ማጠንፈፍ፣ ለከርሞውም በቢቢኤም መዝራት ነው፤ ዩሪያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ማንበቢያው ከማሳ ማሳ ስለሚዞር ጎረቤታሞች በጋራ ሊገዙት ይችላሉ፤ በየማሳው ተቀብረው የሚቀሩት ጠቋሚዎቹ ናቸው።