ሐዘን የገባበት ቤትና የበዓል ሹሩባ

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ጎረቤት በግ ታስሯል፣ የዶሮው ሽንኩርት ይቁላላል፤ ሐዘን የገባበት ቤት ግን ጭር ብሏል። ሰኔ ላይ እናቷን የቀበረች ሴት ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ፀጉሯንም ከለቅሶው ጀምሮ በሻሽ ጠቅልላዋለች። ዛሬ ፈትታ ስታበጥረው ጭብጥ ሙሉ ፀጉር ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ደነገጠች።

ነገሩ በሕክምና የታወቀ ነው። ከባድ ሐዘን ብዙ የፀጉር ሥሮችን ያለጊዜያቸው ከማደግ ያስቆማል፤ ፀጉሩ የሚረግፈው ግን ወዲያው ሳይሆን ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። የሰኔው ሐዘን መስከረም መግቢያ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ መርገፉ ይቆማል፣ ፀጉሩም ተመልሶ ያድጋል።

እስከዚያው የተቋጠረውን ፀጉር በደረቁ አትጎትቱት። በውሃ አርጥባችሁ፣ ቅባት ነካ አድርጋችሁ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ ፍቱት። ቅቤም ያለሰልሳል፤ ፀጉር ያበቅላል የሚለውን ግን፣ ማንም ቢምል፣ እኔ አልቀበልም። የበዓሉ ሹሩባም ላላ ይበል፤ ግንባር እስኪወጠር ከተሠራ የሳሳውን ፀጉር ይብስ ይነቅለዋል።

“ሐዘንተኛ ተሠርታ ታየች” የሚል አይጠፋም። ይበል። መርገፉ ከ6 ወር ካለፈ ወይም የራስ ቆዳው በክብ በክብ ከተመለጠ ግን የቆዳ ሐኪም ይየው። ጎረቤቶች ደግሞ ነገ ለሐዘንተኛዋ ወጥ ስታደርሱ ማበጠሪያም ያዙ፤ “ነይ ልሥራሽ” በሏት።