ባሮሎን ስለ መቅመስና ስለ መመዘን



በሙያችን ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። ቀይ ወይን ጠጅ ሲቀርብልን አስቀድመን ቀለሙን እናይና የጠቆረውን «ኃይለኛ»፥ የሳሳውን «ቀላል» ብለን ሳንቀምስ እንፈርዳለን። ይህ ፍርድ በሰሜን ኢጣልያ፥ በፒዬሞንቴ ክፍለ ሀገር በላንጌ ኮረብቶች ለሚጠመቀው ለባሮሎ ፈጽሞ አይሠራም።

ባሮሎ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከተባለው የወይን ዘር ብቻ ነው። የዚህ ፍሬ ቀለም ፈጥኖ የሚከስም ስለ ሆነ መጠጡ ገና በወጣትነቱ የሮማን መልክ ይይዛል፤ ሲያረጅም ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ያደላል። ዳሩ ግን የአልኮሉ መጠን በደንቡ መሠረት ከመቶ 13 እጅ አያንስም፤ ታኒኑና አሲዱም ከብዙዎቹ ጠቋቁር ወይን ጠጆች ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 ከፍተኛውን የኢጣልያ የጥራት ማዕርግ ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን፥ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት 38 ወራት መቆየት አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል።

ሽታውን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ከጽጌረዳ ጋር የቅጥራን ሽታ ሲመጣ ተበላሽቷል ብሎ ጠርሙሱን የሚመልስ አስተናጋጅ አለ። ይህ ግን የኔቢዮሎ ጠባይ ነው። መመለስ ያለበት እንደ ሻገተ እርጥብ ካርቶን የሚሸተው፥ ቡሹ የበከለው ነው።

ዋናው ፍርድ ያለው በአፍ ውስጥ ነው። የታኒን ስሜት መራራነትም ኮምጣጣነትም አይደለም፤ ጥሬ ሙዝ የነከሰ ሰው ያውቀዋል። ታኒን ከምራቃችን ፕሮቲን ጋር ስለሚተሳሰር ድድንና የጉንጭን ውስጥ ያደርቃል። ስለዚህ ጥቂት ጎንጭታችሁ በአፋችሁ ካንሸራሸራችሁ በኋላ ትፉትና ጠብቁ። ድርቀቱ እንደ ዱቄት የላመ ነው ወይስ እንደ አሸዋ የሻከረ? ከሁሉም በላይ፥ የፍሬው ጣዕም ከድርቀቱ ጋር አብሮ ይዘልቃል ወይስ ቀድሞ ይጠፋል? ቀድሞ ከጠፋ፥ ዋጋው የቱንም ያህል ይሁን፥ እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ለማስቀመጥ ብላችሁ አትግዙ። ዕድሜ ታኒንን ያለዝባል እንጂ የሌለ ፍሬ አይጨምርም።

ድርቀቱ በየጉንጩ እየተደራረበ ስለሚሄድ ሦስተኛው ናሙና ሁልጊዜ ይበደላል፤ በመካከል ውኃና ዳቦ አይቅር። መጠጡም ከቀዘቀዘ ታኒኑ ይከርራልና ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ይኑረው። እንግዳችሁም ከሥጋ ጋር ቢጠጣው ሌላ መጠጥ የቀረበለት ይመስለዋል።

በፊታችሁ ከቀረቡት ሁለት ብርጭቆዎች አንዱ ከላ ሞራ፥ ሁለተኛው ከሴራሉንጋ ዳልባ ነው። የላ ሞራው እንደ ልማዱ ለስለስ፥ የሴራሉንጋው ጠንከር ይላል። እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በድዳችሁ ለዩአቸው።